በእግረ ደብር የቀሩት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ምእመናን ሆይ፤ ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የጌታችን የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ በዓለ ደብረ ታቦር ለክርስቲያን ሁሉ ታላቅ በዓል ነው፤ ስሟን ከዚያ ቅዱስ ተራራ ለወሰደችው ለደብረ ታቦር ከተማና ለአካባቢዋ ሕዝብ ግን እጥፍ በዓል ነው። በዚያን ቀን ከፋርጣና ከእስቴ፥ ከጋይንትና ከፎገራ የሚመጣው ምእመን ነጭ ለብሶ ወደ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ሲወጣ ማየት ልብን ደስ ያሰኛል። የእኛም ልብ ብዙ ዘመን በዚህ ሲደሰት ኖረ። ወደ ላይ የሚወጣውን እንጂ ከታች የሚቀረውን አናይም ነበርና።

ወንጌላዊው ማቴዎስ በምዕራፍ 17 እንደሚነግረን፥ ጌታ ወደ ረጅሙ ተራራ ይዟቸው የወጣው ጴጥሮስን፥ ያዕቆብንና ዮሐንስን ነው። ዘጠኙ ከታች ቀሩ። ስለ ምን ቀሩ ቢሉ፥ ይሁዳን ብቻ ለይቶ ቢተወው ኖሮ ለጥፋቱ ምክንያት ባገኘ ነበርና ከሌሎቹ ጋራ አስቀረው ብለው መተርጕማን ይመልሳሉ። ቀጥለውም በተራራው ራስ ላይ ለሦስቱ የተገለጠው ምሥጢር፥ ከይሁዳ በቀር፥ በእግረ ደብር ለነበሩት ለስምንቱም ተገልጦላቸዋል ይላሉ። ይህን ትርጓሜ በልጅነታችን ከመምህራችን ፊት ተቀምጠን በሰማነው ጊዜ ለፈተና የሚጠና አንድ ቃል አድርገን አለፍነው። ዕድሜያችን ከሃምሳ አልፎ ጕልበታችን ደረጃ መቍጠር ከጀመረ ወዲህ ግን ደጋግመን እናስበዋለን። መውጣት ያልቻለ ሰው ከምሥጢሩ አይለይም ማለት ነውና።

ምሥጢሩ ብቻም አልወረደም፤ ባለ ምሥጢሩም ወረደ። ጌታ ከተራራው ሲወርድ ወደ እርሱ የቀረበው የታመመ ልጁን ይዞ ከሕዝቡ ጋራ ሲጠብቅ የቆየ አባት ነው። ልጁ ብዙ ጊዜ በእሳትና በውኃ የሚወድቅ ነበርና እንዲህ ያለውን ልጅ ተሸክሞ ተራራ መውጣት ለአባት የሚቻል አይደለም። ጌታም ስለ ምን ወደ ላይ አላመጣኸውም ብሎ አልወቀሰውም። ወቀሳው ያረፈው ልጁን ሊረዱት ባልቻሉት ላይ ነው።

ይህን ስንጽፍ ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ከዓመታት በፊት በእነዚሁ ደጋዎች ካሉት ጥንታውያን አድባራት በአንዱ ለክብረ በዓል ተገኝተን ነበር። የደብሩን ስም አንጠራም፤ ጥፋቱ የእኛ እንጂ የደብሩ አይደለምና። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ አገራችን ክብ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ ነው፤ መወጣጫው ሦስት ደረጃ ነው፤ ሦስት ብቻ። ሁለት እግሩን ያጣ ጐልማሳ ሰው በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ፥ ሁለት ልጆች እየገፉት በጭቃው መንገድ እስከ ቅጽሩ በር ደረሰ። በር ጠባቂው በመንገድ የተንከባለለ መንኰራኵር እንደ ጫማ ነው፥ ወደ ቅጽሩ አይገባም ብሎ ከለከለው። ሰውዬው ወደ እኛ ቀና ብሎ አየ። እኛም መስቀል አሳለምነውና፦ «ልጄ፥ እግዚአብሔር እኮ ባለህበት ሆኖ ይሰማሃል» አልነው። መልካም የተናገርን መስሎን ነበር። እርሱ ግን፦ «አባታችን፥ እርሱ እንደሚሰማኝስ አውቃለሁ፤ እኔ የመጣሁት ልሰማ ነው» አለን።

የምንመልሰው አጣን፤ ወደ ውስጥም ገባን። ቅዳሴው አልቆ ስንወጣ ዝናብ ይዘንብ ነበር። በበሩ ላይ የቀረው በጭቃው ውስጥ የመንኰራኵሩ ፈለግ ብቻ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ የሐዋርያት ሥራን ምዕራፍ 3 በሌላ ዓይን እናነበው ጀመር። ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ አንካሳ የነበረው ሰው መልካም በሚሏት የመቅደስ ደጅ በየቀኑ ያኖሩት ነበር ይላል። ልብ በሉ፤ ተሸካሚ አላጣም። በየቀኑ አንሥተው እስከ ደጅ የሚያደርሱት ሰዎች ነበሩት። ከደጅ አሳልፎ የሚያስገባው ግን ከአርባ ዓመት በላይ ሲኖር አልተገኘም። ጴጥሮስና ዮሐንስ በክርስቶስ ስም ባነሡት ጊዜ መጀመሪያ ያደረገው ወደ ቤቱ መሮጥ ሳይሆን ከእነርሱ ጋራ ወደ መቅደስ መግባት ነው። ምን ያህል ሲመኘው ኖሯል! በቤተ ሳይዳም መጠመቂያ 38 ዓመት የተኛው መፃጕዕ ለጌታ የነገረው የእግሩን ሕመም ሳይሆን የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነው። ዛሬ በየደጀ ሰላማችን ተቀምጠው የምናያቸውን አካል ጉዳተኞች ሁሉ ምጽዋት ፈላጊ አድርገን ስለምንቈጥራቸው፥ ሳንቲም ጥለን እናልፋለን፤ ከመካከላቸው ቅዳሴ ፈልጎ የመጣው ማን እንደ ሆነ ግን አንጠይቅም።

የሚቃወሙን አሉ፤ ቃላቸውን እንስማ። አንዳንዶች በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 21 ነውር ያለበት ሰው ወደ መሠዊያው እንዳይቀርብ ታዝዟል ይላሉ። እውነት ነው፤ ያ ሕግ ግን የተነገረው መሥዋዕት ለሚያቀርቡት ለአሮን ልጆች ነው፤ ለመጸለይ የሚመጣውን ሕዝብ አይመለከትም። ደግሞም ጥቂት ወረድ ብለን ብናነብ ያ ነውር ያለበት የአሮን ልጅ ራሱ ከቅድስተ ቅዱሳኑ እንጀራ እንዲበላ ተፈቅዶለታል። በሐዲስ ኪዳንም በሐዋርያት ስም የተሰጠን ቀኖና ዓይኑ የተጎዳ ወይም እግሩ የሚያነክስ ሰው የሚገባው ሆኖ ከተገኘ ለኤጲስ ቆጶስነት እንኳ እንዳይከለከል ያዝዛል፤ ሰውን የሚያረክሰው የነፍስ ነውር እንጂ የአካል ጕድለት አይደለምና። ለመንበር ያልተከለከለ እግር ለደረጃ ይከለከላልን?

ሌሎች ደግሞ አባቶቻችን ገዳማቱን በአምባና በገደል ላይ የሠሩት ሆን ብለው ነው፤ ድካሙም የበረከቱ ክፍል ነው ይላሉ። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ እኛም የዝማሬውን መንበር ዙር አምባን ያየን ሰዎች ነንና፥ ዳገቱን ወጥቶ ደጁን የሳመ ሰው የሚያገኘውን ደስታ እናውቃለን። ምሳሌ አድርገው የሚያመጡት ደብረ ዳሞን ነው። አፄ ገብረ መስቀል ቤተ ክርስቲያኑን ባሠሩ ጊዜ ወደ አምባው የሚያደርስ መወጣጫ ተሠርቶ ነበር፤ ሥራው ሲፈጸም አቡነ አረጋዊ «ዳህምሞ» ማለት አፍርሰው ብለው ንጉሡን አዘዙ፥ የደብሩም ስም ከዚህ ወጣ ተብሎ ይነገራል። እንግዲህ መወጣጫ ማፍረስ የቅዱሳን ሥራ ነው ልንል ነውን? አይደለም። አባታችን ያፈረሱት የዓለም ግርግር ወደ መነኰሳቱ በዓት እንዳይወጣ ነው። መወጣጫውን ሲያፈርሱ ደግሞ ገመዱን አላስቀሩም። ደብረ ዳሞን ያየ ሰው እንደሚያውቀው፥ ከታች ያለው በራሱ ጕልበት ብቻ አይወጣም፤ ወገቡን በጠፍር አስሮ ከላይ ያሉት መነኰሳት ይስቡታል። ጐበዙም ሽማግሌውም በዚያ ገደል ላይ በሰው እጅ የተንጠለጠለ ነው። እኛ ግን መወጣጫ ሳንሠራ ገመዱንም ከለከልን።

ገመዱን ካነሣን ዘንድ፥ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከዚያው ከደብረ ዳሞ ሲወርዱ ገመዱ ቢቈረጥባቸው ክንፍ ተሰጣቸው፤ ኋላም በደብረ ሊባኖስ ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው ተቈርጣ ወደቀች፥ ሰባት ዓመትም በአንድ እግራቸው ቆሙ። ሥዕላቸው የሌለበት ደብር በአገራችን ብርቅ ነው። የወደቀችውን እግር ሠዓሊው ለይቶ ይሥላታል፤ ምእመኑም ቀርቦ ይሳለማል። አንድ እግር ያለውን ጻድቅ በግድግዳው ላይ አክብረን፥ አንድ እግር ያለውን ክርስቲያን ግን ሥዕሉን እንኳ እንዳያይ በደጅ እናስቀረዋለን። ደግሞም ካህናቱ እኛ ማኅሌት ስንቆም ክንዳችንን የምናሳርፍበት መቋሚያ በእጃችን ነው። ጤነኛው ሰው ለሌሊት አገልግሎት ምርኵዝ የሚታደልባት ቤተ ክርስቲያን የአንካሳውን ክራንች እንደ እንግዳ ነገር ማየቷ ይገርማል።

ዓይነ ስውርነትም ቢሆን ለቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ነገር አይደለም። በ4ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያን ትምህርት ቤት የመራው ዲዲሞስ ገና በሕፃንነቱ ዓይኑ የጠፋ ሰው ነበር፤ በእንጨት ላይ የተቀረጹ ፊደላትን በጣቱ እየዳሰሰ ተማረ ይባላል። ታላቁ እንጦንስም ዝንብና ትንኝ የሚያዩበት ዓይን ስለ ጠፋህ አትዘን ብሎ እንዳጽናናው ተጽፏል። በእኛም አገር የቃል ትምህርት ለዓይነ ስውር የተመቸ በመሆኑ ከቅኔውና ከዜማው ቤት ብዙ ዓይነ ስውራን መምህራን ወጥተዋል። እነርሱን «የኔታ» ብለን የተነሣንላቸው እኛ፥ በመንገድ ላይ ለምሪት የሚሆን አንድ ገመድ ወይም አጥር ሳናደርግ እንዴት ቀረን?

ጥቂት ሰዎችን የሚመለከት ነገር የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ደቡብ ጎንደር ትራኮማ የተባለው የዓይን ሕመም ክፉኛ ካጠቃቸው አገሮች አንዱ ነው። ሕመሙ ከልጅ ወደ አሳዳጊው የሚጋባ በመሆኑ ከወንዶች ይልቅ እናቶችን ይጎዳል፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌኑን ፍቆ ፍቆ ያጠፋዋል። ልጆቿን አቅፋ ያሳደገች እናት በእርጅናዋ ዘመን ወደ ሳለቻት ደብር በልጅ ልጇ ትከሻ ተመርታ ትመጣለች። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫን አልፎ ወደ ደብረ ታቦር በተጠጋ ጊዜ የሆነውን ደግሞ የአገሩ ሰው አይረሳውም፤ ከጦርነት በኋላ ክራንች የያዘ ጐልማሳ በየሰንበቴው ይታያል። በዚህ ላይ ሽማግሌውን፥ እርጉዟን፥ ከሕመም የተነሣውን ስንጨምር፥ በእግረ ደብር የሚቀረው ሰው ጥቂት አለመሆኑ ይታወቃል። ከሩቅ አገር ጋፋትን፥ ማኅደረ ማርያምንና የጋይንትን አድባራት ሊያይ የሚመጣው ጎብኚም ብዙውን ጊዜ በዕድሜ የገፋ ነው። የመንግሥትም ሕግ ዝም አላለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የተመቸ መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል፤ አገራችንም የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ይሁን እንጂ በፍቅር ሕግ የምትመራ ቤት በዚህ ነገር የዓለሙን ሕግ መከተሏ ሳይሆን ወደ ኋላ መቅረቷ ያሳፍራል።

ተራራ ነውና አይቻልም የሚለውን ቃል ከሌላ አገር ሰው ብንሰማው እንታገሥ ነበር፤ ከደብረ ታቦር ሰው ግን መስማት አይገባንም። ከከተማው አጠገብ ባለችው በጋፋት አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አስቀረጹ፤ ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ መድፉን በሠረገላ ጭነው፥ በሕዝብ አስጐትተው ወደ መቅደላ ጕዞ ጀመሩ። በፊታቸው መንገድ አልነበረም። የጨጨሆን ዳገት እየፈለጡ፥ የጅዳንና የበሽሎን ገደል እየቈረጡ፥ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ በመጋቢት ወር መቅደላ ላይ አወጡት። መድፉ እስከ ዛሬ በዚያው አለ። ለንጉሡም ሆነ ለአገሩ ያን ጊዜ ምን እንደ ጠቀመ ታሪክ ጸሐፊዎች ይፍረዱ፤ እኛ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። የደቡብ ጎንደር ተራራ ለ70 ኩንታል ናስ ተፈልጦ መንገድ ከሆነ፥ ክርስቶስ ለሞተለት ለአንድ ሰው ሦስት ደረጃ ማስተካከል እንዴት የማይቻል ሆነ?

የቅርሱ ነገር ግን ያሳስበናል፤ ሊያሳስበንም ይገባል። ለአካል ጉዳተኛ እናመቻቻለን ብሎ የጥንት ደረጃ በዲጅኖ መናድ፥ በጥንት ግንብ ላይ ሲሚንቶ ማፍሰስ አንድን በደል በሌላ በደል መካስ ነው፤ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድም አንድ ድንጋይ መነካት የለበትም። ነገር ግን አባቶቻችን አሮጌውን ሳይነኩ አዲስ መጨመር ያውቁበት ነበር። የድጓው ማስመስከሪያ በሆነችው በጋይንት ቤተልሔም ከውጭ የሚታየው ሰፊ ክብ ሣር ቤት ነው፤ ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ከእርሱ የቀደመው ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ቆሞ ይገኛል። ኋላ የመጡት የቀደሙትን ሥራ አላፈረሱም፤ እንደ ልብስ ከበቡት። እንዲሁ ዛሬም ድንጋዩን ሳይነኩ የሚጋደም፥ በዓሉ ሲያልፍ የሚነሣ የእንጨት መወጣጫ ማድረግ ይቻላል። ልኩ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ከፍታው 1 ክንድ ቢሆን ርዝመቱ ከ12 ክንድ እንዳያንስ ነው። ከዚህ ካጠረ ይቆማል፤ የሚገፋውም ሰው ይደክማል፥ ተቀማጩም ወደ ኋላ ይወድቃል። የመንኰራኵሩ ጭቃም ቢሆን በበሩ ላይ አንድ ጀሪካን ውኃና ጨርቅ ቢቀመጥ የሚጸዳ እንጂ ከቅድስና የሚያርቅ አይደለም። ለዓይነ ስውሩ አስጎብኚው የሥዕሉን ታሪክ ረጋ ብሎ ይንገረው፤ ከበሮውን፥ የበሩን ቅርጽና የድንጋዩን ጥርብ በእጁ ያስዳስሰው። መስማት ለተሳነው ደግሞ ጌታ ጣቱን በጆሮው አኑሮ በምልክት እንዳነጋገረው እናስብ። በግሪክ አገር በአቴና ያለው አክሮፖሊስ ከጌታ ልደት በፊት የታነጸ፥ በአንድ ዘመንም የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን የነበረበት ታላቅ ቅርስ ነው፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. በተራራው ጎን አዲስ አሳንሰር ተሠርቶ ለአካል ጉዳተኞች ተከፍቷል። በአሳንሰሩ አይደለም የምንቀናው፤ በእኛ አቅም የሚበቃው ሳንቃ ነውና።

ወደ ላይ መውጣት ፈጽሞ በማይቻልባቸው አምቦችስ? ለዚህም ሥርዓታችን መልስ አላጣም። ታቦቱ በጥምቀት ከተራራው ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ሕዝቡ ካለበት ሜዳ ላይ ያድራል፤ ቅዳሴውም በዚያው ይቀደሳል። የቡሄውም ሙልሙል ነገሩን ያስረዳል። በደብረ ታቦር ብርሃን በበራ ጊዜ እረኞች ቀኑ ያልመሸ መስሏቸው በሜዳ ቢቀሩ፥ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው እንጀራውን ይዘው ወጡላቸው እንጂ ካልመጣችሁ አትበሉም አላሏቸውም። ጸበሉን፥ ስብከቱንና መስቀሉን ይዞ ወደ ተራራው ሥር መውረድ፥ ለሚመጣው ሰው ከዳገቱ በታች መጠለያ ማድረግ ከዚህ የተለየ ሥርዓት አይደለም።

ባለፈው ዓመት ወደዚያው ደብር ተመልሰን ከአስተዳዳሪውና ከሰበካ ጉባኤው ጋራ ተነጋገርን። በር ጠባቂውም ሳይከራከር ውኃውን እኔ እቀዳለሁ አለ። ከአካባቢው ባሕር ዛፍ ተቈረጠ፤ ሁለት አናጢዎች በሦስት ቀን መወጣጫውን ጨረሱት፤ ርዝመቱ 13 ክንድ ነው። በመጀመሪያው ሰንበት ማን እንደሚወጣበት ለማየት ቆመን ስንጠብቅ፥ ባለ ክራንችም ባለ መንኰራኵርም አልመጣም። የወጡት የዚያው ደብር አቋቋም መምህር የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ሲያስቀድሱ፥ ሁላችንም ስለ ትሕትና የመረጡት ቦታ መስሎን ነበር። ስለ ምን አልነገሩንም የኔታ ብንላቸው፦ «ደረጃው አቃተኝ ብል ሰው አስቸግራለሁ ብዬ ነዋ» አሉን፤ ሳንቃውን በመቋሚያቸው እየነኩ ገቡ።

ያን ባለ መንኰራኵር ሰው ግን በገበያም በየሰንበቴውም ስናጠያይቅ ቆይተን እስካሁን አላገኘነውም።